የሸርጣን ጨው፤ ስለ ውስጥና ስለ ውጭ

ሸርጣን ሲነሣ ባሕር ይታሰባል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ዘሩ የተገኘው በባሕር ነው፤ በደሙ ውስጥ የሚበዙት ሶዲየምና ክሎራይድም የባሕር ውሃ ዋነኛ ጨዎች ናቸው። ይሁንና ከሚታወቁት 7,000 ያህል የሸርጣን ዝርያዎች ከ1,300 የማያንሱት ባሕር አያውቁም፤ በወንዝ፣ በሐይቅና በምንጭ ዳር ተወልደው እዚያው ይሞታሉ። አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር ወደ 40 ግራም ይጠጋል፤ የደጋ ጅረት ግን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ወንዝ ከባሕር የሚቀላቀልበት ስፍራ አለ፤ እዚያ በባሕሩ ሙላትና ጉድለት የተነሣ ውሃው በአንድ ቀን ውስጥ አንዴ ጨው ይበዛበታል፣ አንዴ ይሳሳበታል። ስለ ሸርጣን የሚጽፉ ሁሉ «የሰውነቱን ጨው ይጠብቃል» ይላሉ። አነጋገሩ ቀላል ይመስላል። ግን የሚጠበቀው ምንድን ነው? ከምንድን ነው የሚጠበቀው? ጠባቂውስ የት ቆሞ ነው?

ጥያቄው ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰውም የቅርብ ነው። በኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች፣ በጣና ጭምር፣ ፖታሞናውተስ በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቀው የአፍሪካ የወንዝ ሸርጣን ወገን ይኖራል። እንዲህ ያለው እንስሳ ከባሕር ምን ያህል እንደተለየ ለመረዳት ከሐረር የተሻለ መቆሚያ አይገኝም። ከተማዋ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የምሥራቁን ደጋ ውሃ ለሁለት የሚከፍለው ጋራም ቅርቧ ነው። ወደ ደቡብ የሚወርደው ውሃ በኤረር ወንዝ በኩል ዋቢ ሸበሌን ይቀላቀላል፤ ዋቢ ሸበሌ ደግሞ ከባድ ጎርፍ ካልሆነ በቀር ሕንድ ውቅያኖስ ሳይደርስ በሶማሊያ ረግረግና አሸዋ ውስጥ ይቀራል። ወደ ሰሜን የሚወርደው በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ነው፤ አዋሽም መውጫ በሌለው ጨዋማው አቤ ሐይቅ ያበቃል። ከዚህ ከፍታ የሚነሣ ውሃ በየትኛውም ወገን ቢወርድ ባሕር አይደርስም ማለት ይቻላል። በእንዲህ ያለ ምድር የሚኖር ሸርጣን ጨው ቢያንሰው ወደ ባሕር የሚመለስበት መንገድ የለውም፤ የሚጠብቀውን ሁሉ ባለበት ሆኖ መጠበቅ አለበት።

ጨውና ውሃ የየራሳቸው ዝንባሌ አላቸው። ጨው ከበዛበት ወዳነሰበት ይሄዳል። ውሃ በተቃራኒው በስስ ሽፋን በኩል ጨው ወደ በዛበት ያልፋል፤ ይህኛው ኦስሞሲስ ይባላል። ሸርጣን ጨው የሳሳበት ውሃ ውስጥ ሲገባ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይነሡበታል፤ ጨዉ ይወጣል፣ ውሃው ይገባል፤ ደሙ ይቀጥናል፣ ገላው ይወጠራል። የመጀመሪያው መፍትሔ ራስን መዝጋት ይመስላል፤ ጠንካራው ቅርፊትም አብዛኛውን ገላ በእርግጥ ይዘጋዋል። ነገር ግን ሸርጣን መተንፈስ አለበት። ኦክስጅን የሚገባው ቅርፊቱ እጅግ በሳሳበት ቦታ፣ በጎኑ ተሸፍነው በሚገኙት መተንፈሻዎቹ፣ ማለት በጊሎቹ በኩል ነው። ኦክስጅን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ጨውንና ውሃን ጨርሶ ሊያግድ አይችልም። ፍጹም የተዘጋ ሸርጣን ጨዉ ሳይጎድል ታፍኖ ይሞታል፤ ፍጹም የተከፈተውም በንጹሕ ውሃ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ «መጠበቅ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ትርጉሙን እዚህ ላይ ያጣል። አለማጣት ሊሆን አይችልም፤ ማጣቱ ከመተንፈስ ጋር አብሮ የመጣ ነውና።

አንዳንድ ሸርጣኖች ይህን ፈተና የሚያልፉት ባለመጋፈጥ ነው። በአውሮፓ ባሕሮች የሚኖረው ረጃጅም እግር ያለው የሸረሪት ሸርጣን የደሙ ጥንካሬ፣ ማለት በደሙ የሟሟው ነገር ጠቅላላ መጠን፣ ከባሕሩ ጋር እኩል ነው፤ ውሃው ሲቀጥን ደሙም ይቀጥናል፤ መቅጠኑ ከልክ ሲያልፍ እንስሳው ይሞታል። የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት እንዲህ ያለውን «ተከታይ»፣ ደሙን ከውሃው የሚለየውን ደግሞ «ተቆጣጣሪ» ይሉታል። ተከታዩ ለጨው የሚያወጣው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ከውሃው ጋር ሙግት የለውምና። ዋጋውን የሚከፍለው በሌላ መንገድ ነው፦ ከአንድ ዓይነት ውሃ መውጣት አይችልም። ሆኖም «ተከታይ» እና «ተቆጣጣሪ» የሚለው አከፋፈል ቀረብ ብለው ሲያዩት እንደ መጀመሪያው አይጸናም። የሸረሪት ሸርጣን ደም በጠቅላላ ጥንካሬው ከባሕሩ ጋር ይተካከል እንጂ ጨዎቹ አንድ በአንድ ሲለኩ አይተካከሉም፤ ሰልፌቱ ከባሕሩ ያነሰ፣ ፖታሲየሙ የበለጠ ሆኖ ይገኛል። ድምሩን ለባሕሩ የተወው እንስሳ ዝርዝሩን አልተወም። እስከ ዛሬ ከውሃው ጋር በምንም የማይለያይ ሕያው ሸርጣን አልታየም፤ «ተከታይ» የሚለው ስም የሚናገረው እንስሳው መለየትን እንደተወ ሳይሆን የቱን ልዩነት ችላ እንዳለ ነው።

በሌላው ወገን የሚቆመው አረንጓዴው የባሕር ዳር ሸርጣን ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ካርሲኑስ ሜናስ ነው። ሙሉ ጨው ባለው ባሕር ውስጥ ይህም እንደ ተከታዩ ነው፤ ደሙና ውሃው ይተካከላሉ። ውሃው ወደ ሦስት አራተኛ የባሕር ጥንካሬ ገደማ ሲወርድ ግን ደሙ ከውሃው ጋር መውረዱን ያቆማል፤ ይቀንሳል እንጂ እንደ ውሃው አይቀንስም፣ ልዩነቱም ውሃው በቀጠነ ቁጥር ይሰፋል። አንድ እንስሳ በአንድ ውሃ ተከታይ፣ በሌላ ውሃ ተቆጣጣሪ ሆነ ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው በጊሎቹ ነው። በእያንዳንዱ ጎን ዘጠኝ አሉት፤ ሁሉም በውጭ ሲታዩ ላባ ይመስላሉ፣ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። የፊተኞቹ ሽፋን እጅግ ስስ ነው፤ የሚያገለግሉት ለመተንፈስ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በብር ናይትሬት ሲነከሩ ጠቆር ያለ ምልክት ያወጣሉ፤ ጨው የሚያልፍበትን ቦታ ብሩ ያጠቁረዋልና። እነዚህ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ሕዋሳቸው ከፊተኞቹ በብዙ እጥፍ ወፍራም ነው፤ ውስጣዊ ሽፋኑ ደግሞ ታጥፎ ታጥፎ ጉልበት በሚያመነጩ ሚቶኮንድሪያዎች ተሞልቷል። በእጥፋቶቹ ላይ የተተከለው ፓምፕ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ሶዲየም ከሕዋሱ ወደ ደሙ ያወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል፤ ለዚህም ኤቲፒ የተባለውን የጉልበት ሞለኪውል አንድ ይበላል። ፓምፑ በሰው ነርቭ፣ በሰው ኩላሊትና በሰው ልብ ውስጥም ያው ነው፤ መጀመሪያ የተገኘው ግን በሸርጣን ነው። የዴንማርኩ ሳይንቲስት የንስ ስኩ እ.ኤ.አ. በ1957 ያስታወቀው ከዚሁ ከባሕር ዳር ሸርጣን እግር ነርቭ አውጥቶ ሲሆን፣ ከ40 ዓመት በኋላ በ1997 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

ፓምፑ የግማሹ ነገር መልስ ነው። ሶዲየም ከሕዋሱ ወደ ደም ይገፋል፤ ከውጭ ካለው ቀጭን ውሃ ወደ ሕዋሱ የሚገባው እንዴት ነው? እዚህ ላይ ሸርጣን የሚሠራው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። እንስሳው ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ቆሻሻ ነው፣ መወገድ አለበት። በኋለኞቹ ጊሎች ውስጥ በብዛት የሚገኝ ኢንዛይም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከውሃ ጋር አዋሕዶ ወደ ሃይድሮጂን አዮንና ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል። ከዚያ ሃይድሮጂኑ ወደ ውጭ ሲወጣ ሶዲየም ይገባል፤ ባይካርቦኔቱ ሲወጣ ክሎራይድ ይገባል። ሸርጣን ጨውን የሚገዛው በሚጥለው ነገር ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ መተንፈስ የጨው መጥፊያ ሆኖ ታይቶ ነበር፤ አሁን ግን የትንፋሹ ትርፍ የጨው መግዣ ሆነ። ጉዳቱና ማካካሻው በአንድ አካል፣ በጊሉ ላይ ተገናኙ። ይህን ያሰበ ሰው «ከውጭ የሚመጣ ጉዳት» እና «ከውስጥ የሚነሣ መከላከያ» ብሎ ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል።

ለዚህ ዓይነቱ አኗኗር ጀጎል፣ በግንብ የተከበበችው አሮጌዋ ሐረር፣ የቅርብ ምሳሌ ትሆናለች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ግንብ ከተማዋን ዙሪያዋን ይከባል፤ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፣ ሌሊት ይዘጉ ነበር። ነገር ግን ሐረር የቆመችው በመዘጋቷ አልነበረም። ከዘይላ ወደብ የባሕር ዳር ሸቀጥ በግመል እየተጫነ ይወጣ ነበር፤ ቡናው ደግሞ በዚያው መንገድ ይወርድ ነበር። ፈረስ መጋላን የሚያህል ገበያ በግንቡ ውስጥ ሊኖር የቻለው ግንቡ በር ስላለው ነው፤ በሩ ላይ የሚደረገውም ልውውጥ ነው፤ ሳይሰጥ የሚወሰድ ነገር የለም። ይሁንና ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ የቆመበትም ቦታ ከተመሳሳይነቱ የበለጠ ያስተምራል። ሐረር በረኛ ነበራት፤ ከበረኛው በላይም አሚር ነበራት፤ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለው ከበሩ ውጭ፣ በሌላ ቤት ይወሰን ነበር። በሸርጣን ግን በረኛው ግንቡ ራሱ ነው። የሚከለክለው ሽፋን፣ የሚያስገባው ሽፋንና የሚከፍለው ሽፋን አንድ ናቸው። ከዓይኑ አገዳና ከልቡ ዙሪያ የሚመነጩ ሆርሞኖች ፓምፑን ማፍጠንና ማዘግየት ይችላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የሚላኩት ከዚሁ መጠበቅ ካለበት ገላ ነው። ጠባቂውን ለብቻው ለማግኘት የሚደረግ ፍለጋ ሁሉ ወደሚጠበቀው ነገር ይመልሳል። ሸርጣኑ ሲሞት የሚጠፋውም አንድ ሹም አይደለም፤ ጉልበት ሲቋረጥ ፓምፖቹ ይቆማሉ፣ ጨዉም ውሃውም ወደየዝንባሌያቸው ይሄዳሉ፣ ደሙና ጅረቱ ቀስ በቀስ እኩል ይሆናሉ።

አሁን ወደ ወንዝ ሸርጣን ሲመጣ ጥያቄው ይጠነክራል። ከንጹሕ ውሃ ጋር የሚታገል እንስሳ የሚገባበትን ውሃ በሽንት ማስወጣት አለበት፤ ዓሣም እንቁራሪትም ይህን የሚያደርጉት ጨው የተቀነሰበት ቀጭን ሽንት በመሽናት ነው። ከሸርጣን ይህ ይጠበቅ ነበር፤ አልሆነም። በአንቴናው ሥር ያሉት የሽንት ዕጢዎቹ ከደሙ የቀጠነ ሽንት ማውጣት አይችሉም፤ ሽንቱ እንደ ደሙ ጨዋማ ነው። በጨው ድሃ የሆነ እንስሳ ጨዉን በሽንቱ ይሰጣል ማለት ነው። ሾው የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ስለ ምሥራቅ አፍሪካው ወንዝ ሸርጣን ባወጣው ጥናት ይህ እንቆቅልሽ እንዴት እንደተፈታ አሳይቷል። ሸርጣኑ የሽንቱን ጥራት አላሻሻለም፤ ሽንቱን አሳነሰው እንጂ። ገላው ውሃን እጅግ ጥቂት ብቻ ስለሚያስገባ የሚያስወጣው ሽንትም እጅግ ጥቂት ነው፤ በሽንት የሚጠፋውን ጨው ጊሎቹ ከውሃው፣ አንጀቱም ከምግብ መልሰው ይተኩታል። ከዚህ ጋር ሌላ ነገር ተደረገ፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚያስገርመው እሱ ነው። የወንዝ ሸርጣን የደሙን ጥንካሬ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ ባሕሩ ግማሽ ገደማ አውርዶታል። የደምና የውሃ ልዩነት ሲያንስ መፍሰሱም ያንሳል፤ መፍሰሱ ሲያንስ የሚከፈለው ጉልበት ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሸርጣን «የባሕርን ጨው በውስጡ ይዞ ወደ ተራራ ወጣ» የሚለው አነጋገር ያማረ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ግማሹን ትቶ ነው የወጣው። መጠበቅ ማለት አንድን መጠን ሳይለወጥ ማቆየት ከሆነ የወንዝ ሸርጣን አልጠበቀም። ልዩነትን ማቆየት ነው ቢባል ደግሞ ልዩነቱ ራሱ ይለዋወጣል፤ የባሕር ዳሩ ሸርጣን በሙሉ ባሕር ውስጥ ልዩነቱን ጨርሶ ይተወዋል። ምናልባት የሚጠበቀው በተፈለገ ጊዜ የመለየት ችሎታ ይሆናል። ይህም ትርጉም ችግር አለበት፤ ችሎታ የሚታየው ሲሠራ ነው፣ ባሕሩ ውስጥ በሰላም የተቀመጠው ሸርጣን በዚያች ሰዓት የሚያሳየው ነገር የለም። ሆኖም የኋለኞቹ ጊሎች ወፍራም ሕዋሳት ያኔም በቦታቸው ናቸው፤ ውሃው ሲቀጥን የፓምፑ ሥራ ወዲያው መለዋወጥ ይጀምራል፣ በቀናት ውስጥም የፓምፑ ብዛት ራሱ ይጨምራል። ይህ ትርጉም ከሦስቱ የተሻለ ይመስላል፤ የሚጠበቀው ቁጥር ሳይሆን ቁጥሩን ማንሣትና መጣል የሚችል አካል ነው።

ግን «ውስጥ» የተባለው ነገር ራሱ ገና አልተመረመረም። ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ክሎድ በርናር ደምን የእንስሳት ውስጣዊ አካባቢ አድርጎ ሲያስተምር፣ ሕዋሳት የሚኖሩት በውጭው ዓለም ሳይሆን በደሙ ውስጥ መሆኑን ማስተዋሉ ነበር። ይህ በሸርጣን ላይ በግልጽ ይታያል። የባሕር ዳሩ ሸርጣን ደም ሲቀጥን የጡንቻው ሕዋሳት ልክ ሸርጣኑ በውሃው የደረሰበት ዓይነት ፈተና በደሙ ይደርስባቸዋል፤ ውሃ ይገባባቸዋል፣ ያብጣሉ። የሕዋሱ መልስ ግን ከጊሉ መልስ የተለየ ነው። በቤልጅግ ሊዬዥ ማርሴል ፍሎርኪንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ሕዋሱ በውስጡ ያከማቻቸውን እንደ ግላይሲንና ፕሮሊን ያሉ አሚኖ አሲዶች ያስወጣል ወይም ያቃጥላል፤ የውስጡ ጥንካሬ ከደሙ ጋር ሲተካከል ውሃው መግባቱን ያቆማል፣ ሕዋሱም ወደ መጠኑ ይመለሳል። ስለዚህ በአንዱ እንስሳ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥበብ አለ። በጊሉ ላይ ሸርጣን ተቆጣጣሪ ነው፤ በጡንቻው ሕዋስ ላይ ተከታይ ነው። ለውሃው ያልታዘዘው እንስሳ ሕዋሱን ለደሙ ያስታዝዛል። ሕዋሱ ድምሩን ከደሙ ጋር ያስተካክል እንጂ ሶዲየሙን ዝቅ፣ ፖታሲየሙን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ የሸረሪት ሸርጣን በባሕር ውስጥ በጥቂቱ ያደረገው ነገር እዚህ ጎልቶ ይደገማል። ውስጥና ውጭ በአንድ ድንበር የሚለያዩ ሁለት ስፍራዎች ሳይሆኑ፣ በየድንበሩ እንደ አዲስ የሚሰየሙ ሁለት ወገኖች ናቸው።

እስካሁን የተነገረው ጨው ስለሚያንስበት ውሃ ነው። ከዘይላ እስከ ጅቡቲ ባለው ጠረፍ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ባሕሩ ሲሸሽ በጭቃው ላይ የሚቀሩ ኩሬዎች በፀሐይ ይተናሉ፤ ውሃው ሲሄድ ጨዉ ይቀራል። ትንሹ የጭቃ ሸርጣን፣ ተባዕቱ አንዱን ትልቅ መቆንጠጫውን እያወዛወዘ እንስቷን የሚጠራው፣ እዚህ ይኖራል፤ በምሽት በአሸዋው ላይ የሚሮጠው የአሸዋ ሸርጣንም እንዲሁ። እነዚህ ደማቸውን ከኩሬው ጨው በታች ይይዛሉ፤ ጨው ያስወጣሉ እንጂ አያስገቡም። ፓምፑ ያው ነው፤ በዙሪያው ያሉት የመግቢያና የመውጫ መንገዶች አደራደር ግን ጨዉን ወደ ውጭ ይመራዋል። ሸርጣን ጨውን አይሻም፣ አይሸሽምም፤ አካባቢው የሚያደርገውን ተመልክቶ ማንኛውንም አቅጣጫ ይይዛል።

የመጨረሻው ፈተና የትውልድ ነው። ያደገ ሸርጣን ጠንካራ ቅርፊትና የበረቱ ጊሎች አሉት፤ ከእንቁላል የወጣ እጭ ግን ሁለቱም የሉትም። ስለዚህ የቻይናው ፀጉራም መቆንጠጫ ሸርጣን ዓመታትን በወንዝ ውስጥ ካሳለፈ በኋላ ለመራባት ወደ ጨዋማው ውሃ ይወርዳል፤ እጮቹ ያለ ጨው አያድጉም። ይህ እንስሳ ለራሱ ከባሕር ተለይቷል፣ ለልጁ ግን አልተለየም፤ በእሱ ዘንድ ከባሕር ነፃ መሆን የአንድ ዕድሜ ነገር ነው። የአፍሪካው የወንዝ ሸርጣን ይህን ጉዞ ትቶታል። እንስቷ የምትጥላቸው እንቁላሎች ከባሕር ሸርጣኖች በጣም ያነሱ በቁጥር፣ በጣም የተለቁ በመጠን ናቸው፤ በሆዷ ሥር ይዛቸው ትዞራለች። የባሕር እጭ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ የሚያልፋቸው ደረጃዎች ሁሉ በእንቁላሉ ውስጥ ያልፋሉ፤ የሚፈለፈለው ሙሉ ቅርጽ ያለው ትንሽ ሸርጣን ነው፣ እሱም ለጥቂት ጊዜ ከእናቱ ሆድ ሥር ሳይለይ ይቆያል። የጠፋው የእጭነት ዘመን የቆረጠው ከባሕር ጋር ያለውን ማሰሪያ ብቻ አይደለም፤ ከሌላው ወንዝ ጋር ያለውንም ቆርጧል። የባሕር እጭ በውሃ ሞገድ ሩቅ ይወሰዳል፤ የወንዝ ሸርጣን ልጅ ግን በእግሩ ከደረሰበት አያልፍም። በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ የአፍሪካ ወንዝ ሸርጣኖች የሚገኙት በጠባብ ስፍራ፣ አንዳንዶቹም በአንድ ተራራ ጅረቶች ብቻ ነው፤ ያ ውሃ ቢደርቅ ወይም ቢበከል ቦታቸውን የሚተካ ወገን ከባሕር አይመጣላቸውም።